ድንጋዩን ከጎማው ሥር የሚያስወጣ ሥራ፦ በሃይሉክስ የኋላ አክስል ላይ የእጅ ፍሬን አገጣጠም

ዳገት ላይ መኪና ሲቆም ረዳቱ ገና ጎማው ሳይረጋ ይዘላል። ድንጋይ ይፈልግና ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጣል። ሹፌሩ እግሩን ከፍሬን ላይ የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ጣርማ በር ላይም፣ አባይ በረሃም፣ ሊማሊሞም ያው ነው። መኪናው ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው አስፋልት ላይ ይቀራል። ማታ የሚመጣ ሞተረኛ ያገኘዋል።

ወደ እኔ ከሚመጡት አሮጌ ፎርዊል ፒካፖች ብዙዎቹ የእጅ ፍሬናቸው ሞቷል። አንዳንዶቹ ላይ ማንሻው ብቻ ቀርቶ ገመዱ ተቆርጦ ተጥሏል። ባለቤቱን ስትጠይቁት «በማርሽ ነው የማቆማት፣ ምንም ሆና አታውቅም» ይላል። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የማቆመው። አንድ ቀን እንጦጦ መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰብኝ። መኪናዬን አንደኛ ማርሽ ከትቼ አቆምኳትና የኋላ ቀኝ ጎማዋን በክሪክ አነሣሁ። ጎማው ከመሬት እንደለቀቀ መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደች። ክሪኩ ተንጋዶ ወደቀ። እጄ ከሥር አልነበረም፤ የተረፍኩት በዚያ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማርሽ የሚይዘው እስከ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) ድረስ ያለውን ዘንግ ነው። ከዲፈረንሻሉ ወዲያ ያሉት ሁለት ጎማዎች አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ለመዞር ነፃ ናቸው። ሁለቱም መሬት ላይ እስካሉ ድረስ ይህ አይታይም። አንዱ ከተነሣ ግን መሬት ላይ ያለው ይንከባለላል፣ አየር ላይ ያለው በተቃራኒው ይሽከረከራል፣ መኪናው ይሄዳል። ፎርዊል ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ዱላ ኒውትራል ላይ ከተረሳ አንደኛ ማርሽ ብትከቱም መኪናው ከምንም ጋር አልተያያዘም። አውቶማቲክ ሆኖ ፒ ላይ ብታደርጉትም ያው ነው።

የኋላ አክስል ላይ ያለ የእጅ ፍሬን ግን እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ይይዛል። ዲፈረንሻሉም ትራንስፈሩም አያገባቸውም። (የድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር ላይ የእጅ ፍሬኑ ያለው ጎማዎቹ ላይ ሳይሆን ከትራንስፈሩ በሚወጣው ዘንግ ላይ ነው። ስለዚህ የድሮ ዲፌንደር የያዛችሁ ሰዎች ያለ ታኮ፣ ማለት ጎማ ሥር የሚሸጎጥ ማገጃ፣ ጎማ አታንሡ። እኔ ላይ የደረሰው እናንተም ላይ ይደርሳል።)

ከዚህ በታች የምጽፈው ከኋላ ባሌስትራ (ዝርግ የብረት ሞላ) እና ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር የፍሬን ከበሮ) ላለው የድሮ ፎርዊል ሃይሉክስ ነው። በተለይ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1988 እስከ 1997 ለተሠራው፣ እኛ ጋ በኤልኤን 106 ለሚታወቀው። በሌላ መኪና ላይ የዕቃዎቹ ቅርፅ ይለያል፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን ብዙም አይለወጥም።

ፍሬኑ እንዴት እንደሚሠራ

ይህን ሳትረዱ መፍቻ አታንሡ።

ማንሻውን ስትስቡ ከፊት የሚመጣው ገመድ በመኪናው ሆድ ሥር ከሁለት የኋላ ገመዶች ጋር ይገናኛል። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል። እያንዳንዱ ገመድ ታምቡሩን ከውስጥ ገፍተው የሚይዙትን የፍሬን ሸራዎች በተሸከመው የብረት ሳህን ጀርባ ላይ አንዲት እንደ ክርን የታጠፈች ብረት ይጎትታል። የፋብሪካ ስሟ ቤልክራንክ ነው። እኔ ክርን እላታለሁ፤ ቅርጿም ሥራዋም ክርን ስለሆነ። ክርኗ ስትዞር ውስጥ ያለውን፣ ከኋለኛው ሸራ ጋር የታሰረውን ማንሻ ትስባለች። ማንሻው በባለጥርሷ ማስተካከያ በኩል የፊተኛውን ሸራ ይገፋል። ሁለቱም ሸራዎች ተከፍተው ታምቡሩን ይይዛሉ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር መጣ። በዚህ አክስል ላይ የእጅ ፍሬኑ የእግር ፍሬኑም አስተካካይ ነው። ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ከታምቡሩ ይርቃል። ይህን ርቀት የምትሞላው ባለጥርሷ ማስተካከያ ናት። እሷ የምትዞረው ደግሞ የእጅ ፍሬን ሲሳብና ሲለቀቅ ነው። የእጅ ፍሬን የማይስብ ሹፌር መኪና ላይ ማስተካከያዋ ባለችበት ትቆያለች፣ ሸራው ያልቃል፣ ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ «አየር ገብቶበታል» ተብሎ የፍሬን ዘይት ይቀየራል፣ አየር ይወጣል፣ ፔዳሉ ግን አሁንም ይወርዳል። ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ስትረግጡት ከፍ የሚል ከሆነ መጀመሪያ የኋላ ታምቡሮችን ክፈቱ። ሦስት ሰው ዋና ሲሊንደር ቀይሮለት ያልተሻለው መኪና እኔ ጋ መጥቶ የዳነው የደረቁ ክርኖቹን በማላቀቅ ነው።

ምን ታዘጋጃላችሁ

ዕቃ ስትገዙ የግራና የቀኝ ለዩ። ክርኖቹ፣ ማንሻዎቹና ማስተካከያዎቹ የአንዱ ጎን ለሌላው አይሆንም። የማስተካከያዎቹ ጥርስ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ነው የሚጠብቀው። ብታቀያይሯቸው ይገባሉ፤ ግን ፍሬኑን በማጥበቅ ፈንታ እያላሉት ይሄዳሉ። ሶማሌ ተራ (የአሮጌ መለዋወጫ ገበያ) ከተፈታ መኪና ላይ የምትገዙ ከሆነ ሙሉውን ሳህን ከነክርኑ፣ ከነማንሻውና ከነሞላው ጠይቁ። የተበታተነ ዕቃ ለቅሞ ከመግጠም ይሻላል። ሞላ ግን አዲስ ግዙ። ዓመታት የሞቀ ሞላ ጉልበቱ ያልቃል፤ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል።

ከዚህ ሌላ የኋላ ሸራ ሙሉ ስብስብ፣ የግራና የቀኝ ገመድ፣ የክርኗ የጎማ ሽፋን፣ አዲስ ኮፒሊያ (ጫፉ የሚታጠፍ የሽቦ ፒን) እና ክሊፕ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ፣ ዝገት አላቃቂ ዘይት፣ የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋችኋል። ከመሣሪያ 12 ቁጥር መፍቻ፣ 21 ቁጥር ቡሶላ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ቬርኒየርና ፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ብረቶች)። ሁለት ስምንት ሚሊ ቡሎኖችም ያዙ፤ ታምቡሩን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ሞርሳ (ዕቃ ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ) ያለበት ጠረጴዛ ካገኛችሁ ሥራው በግማሽ ይቀላል።

ጊዜ ደግሞ ሙሉ ቀን መድቡ። ዝገት አይቸኩልም።

መኪናውን ማንሣት

ሜዳ ላይ አቁሙ። አፈር ላይ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ አድርጉ። የፊት ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል፣ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። ማርሽ ብቻውን አይበቃም ያልኩት እዚህ ላይ ነው የሚሠራው፤ የኋላ ጎማዎቹ ሊነሡ ነውና መኪናውን የሚይዙት የፊቶቹ ብቻ ናቸው። የእጅ ፍሬኑን ልቀቁት፤ ሸራው ተከፍቶ ታምቡር አይወጣም።

የጎማ ዳዶዎችን ጎማው መሬት ላይ እያለ አላሉ። ከዚያ አክስሉን አንሥታችሁ በሁለቱም በኩል ካቫሌቶ ወይም ጠንካራ የብረት መደገፊያ አስገቡ። በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር አትግቡ። ብሎኬትም መደገፊያ አይደለም፤ ሲሰበር ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው።

ታምቡሩን ማውጣት

ታምቡሩ ፊት ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ስምንት ሚሊ ቡሎኖቹን አስገቡና በየተራ፣ እያንዳንዱን ግማሽ ግማሽ ዙር አጥብቁ። ታምቡሩ እየተገፋ ይወጣል። አንዱን ብቻ ካጠበቃችሁ ይጣመማል። መሃሉ ላይ ከጎማ ማሰሪያው ጋር በዝገት ከተጣበቀ ዝገት አላቃቂ ዘይት ዙሪያውን ርጩና ቆዩ። ከዚያ የታምቡሩን ፊት በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ምቱ። ጠርዙን አትምቱ፤ ይሰነጠቃል።

አሁንም እንቢ ካለ ሸራው ታምቡሩ ውስጥ ተበልቶ ዳሩ ላይ በቀረው ከንፈር ተይዟል ማለት ነው። በሳህኑ ጀርባ ላይ ያለውን የጎማ መክደኛ አውጡ። በቀዳዳው በአንዱ ካቻቢቴ የማስተካከያዋን ምላስ ገፋ አድርጋችሁ፣ በሌላው ባለጥርሷን ወደ ማላላት አዙሩ።

ከውስጥ የሚወጣውን አቧራ በኮምፕረሰር አትንፉት። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ እሱም በሳንባ ውስጥ ዘመን ይቆያል። ውኃ በተረጨ ጨርቅ ጠርጉት፣ ጨርቁንም በላስቲክ አስራችሁ ጣሉ። ይህን የምለው ለራሳችሁ ብቻ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ አብረዋችሁ ለሚሠሩት ልጆች ጭምር ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት እዩ

ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ አትፍቱ። አንዱን ጨርሱ፣ ሌላው ምሳሌ ሆኖ ይቆይ። በስልካችሁም ፎቶ አንሡ፤ የየሞላው ጫፍ የት ቀዳዳ ውስጥ እንደገባ እንዲታይ አድርጋችሁ።

ሳህኑ እርጥብ ነው? ሽታው ይለየዋል። ከባድ፣ የሚሰነፍጥ ሽታ ያለው ጥቁር ዘይት ከሆነ ከዲፈረንሻሉ የመጣ ነው፤ ፓራኦሊዮ የምንለው የዘይት ማገጃ ጎማ አልቋል። ቀጭን ከሆነና የነካውን ቀለም የሚልጥ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ የጎማው ሲሊንደር ያፈሳል። ሁለቱም ሳይጠገኑ አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ሲሞቅ ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል።

ፓራኦሊዮው ካለቀ የዲፈረንሻሉን መተንፈሻም እዩ። አክስሉ ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ናት። ጭቃ ሲደፍናት ውስጡ የሞቀው አየር መውጫ ያጣና ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል። ወንዝ የሚሻገር መኪና ላይ ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል። ክዳኗን አጽድታችሁ በጣት ስታሽከረክሯት ነፃ መሆኗን አረጋግጡ።

የታምቡሩን ውስጥ በቬርኒየር ለኩ። የሚፈቀደው ትልቁ መጠን ታምቡሩ ላይ በቀረጻ ተጽፏል። በዚያ ዘመን ፎርዊል ሃይሉክሶች ላይ አዲሱ 295 ሚሊ ሲሆን ገደቡ 297 ነው። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ስታስልጡት ከገደቡ እንዳያልፍ ንገሯቸው። የሸራው ውፍረት ደግሞ 1 ሚሊ ከደረሰ ሥራው አልቋል።

ክርኗ

የሥራው ልብ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ቸኩሎ ያለፈ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ክርኗ ከጎማው በስተጀርባ፣ ለጭቃና ለውኃ ተጋልጣ ነው የምትኖረው። ሽፋኗ ሲቀደድ ውኃ ወደ ፒኗ ይገባል። ካልተንቀሳቀሰች ትደርቃለች። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱ ብረቶች አንድ ይሆናሉ። ጣታችሁን አድርጋችሁ ሞክሯት። ጤነኛ ክርን በሁለት ጣት ትሄዳለች፣ ስትለቋት በሞላዋ ጉልበት ቶሎ ትመለሳለች። መሄዷ ብቻ አይበቃም፤ መመለሷን ነው የምንፈልገው። ሄዳ የቀረች ክርን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር እያሻሸች ታቃጥለዋለች።

ውጭ ያለውን ሞላ በፒንሳ አላቅቁ፤ ከዚያ ክሊፑን አውጥታችሁ ገመዱን ለዩ። ክርኗን ከሳህኑ ጋር የያዙት ሁለት ባለ 12 ቁጥር ቡሎኖች ናቸው። ከመፍታታችሁ በፊት ዝገት አላቃቂ ዘይት ረጭታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። የተቆረጠ ቡሎን ሳህኑ ውስጥ ከቀረ ግማሽ ቀን ይበላል።

ክርኗን በሞርሳ ያዙ። የተቀደደውን የጎማ ሽፋን አውጥታችሁ ጣሉ። ፒኑ ላይ ዘይት እየረጫችሁ ወዲህና ወዲያ አንቀሳቅሷት፤ በትንሹ ጀምሩ። መጀመሪያ ላይ ምንም የማትሄድ ትመስላለች። ከዚያ የዝገት ጭማቂ የመሰለ ቡናማ ዘይት ጠርዙ ላይ ብቅ ይላል። ያን ስታዩ እየለቀቀች ነው። በጋዝ ማሞቅ ይረዳል፤ ግን ከመኪናው ላይ ከወጣች በኋላ ብቻ፣ ከፍሬን ዘይትና ከጎማ ርቃችሁ። ፒኑ ሲወጣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አሹት። ቀዳዳውንም ወረቀቱን በቀጭን እንጨት ጠቅልላችሁ አጽዱ። ግራሶ በደንብ ቀብታችሁ መልሱ፣ አዲሱን ሽፋን አልብሷት።

ፒኑ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ካለ ወይም ክርኗ ከገባች በኋላ የምትወዛወዝ ከሆነ አዲስ ግዙ። በብየዳ የተሞላ ክርን አልወድም። ዳገት ላይ አንድ ቶን የሚጭነውን መኪና ከነጭነቱ የምትይዘው እሷ ናት።

ሸራና ማንሻ

ሳህኑ ላይ ሸራዎቹ የሚንሸራተቱባቸው ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ሸራ ለዓመታት ሲመላለስባቸው ጎድጉደው ይቆርጡታል፤ በሞረድ ለስላሳ አድርጓቸው። ከዚያ በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ በጣት ጫፍ የምትያዝ ትንሽ ግራሶ ብቻ ቀቡ። ከበዛ ቀልጦ ሸራው ላይ ይደርሳል።

ማንሻውን ከአዲሱ የኋላ ሸራ ጋር ስታስሩ አዲስ የሲ ቅርፅ ክሊፕ ተጠቀሙ። በማንሻውና በሸራው መካከል ያለው ክፍተት ከ0.35 ሚሊ በታች መሆን አለበት። ከበለጠ ወፍራም ሮንዴላ አስገቡበት። ማንሻው በራሱ ክብደት መንቀሳቀስ አለበት። ማስተካከያዋን ፈትታችሁ ጥርሷን አጽዱ፣ ግራሶ ቀቡ፣ እስከ መጨረሻው አሳጥሯት።

የኋላውን ሸራ መጀመሪያ አቁሙ፣ ማንሻውን ከክርኗ ጋር አገናኙ፣ በማቆያ ፒንና ሞላ ያዙት። ከዚያ ማስተካከያዋን፣ ቀጥሎ የፊተኛውን ሸራ፣ በመጨረሻ የመመለሻ ሞላዎቹን። ሞላ ስትስቡ ፊታችሁን ዘወር አድርጉ፣ መነጽር ካለም ልበሱ። ሁሉም ሲገባ ማንሻውን በእጃችሁ ወዲህና ወዲያ አድርጉት። ባለጥርሷ መዞር አለባት። ካልዞረች ምላሷ ወይም ሞላዋ ተገልብጣ ገብታለች፤ ወደ ፎቶው ተመለሱ። ሳትዞር ታምቡሩን አትክደኑ።

በእጃችሁ ላይ ያለው ግራሶ ሸራውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ከነካው ወዲያው በብርጭቆ ወረቀት አሹት።

ማስተካከል፣ በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ

መጀመሪያ ሸራው፣ ቀጥሎ ክርኗ፣ መጨረሻ ገመዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከገመዱ በመጀመር ነው። ማንሻው ረጅም ሲሳብበት ሆዱ ሥር ገብቶ ዳዶውን ያጠብቃል። ማንሻው ያጥራል፣ ፍሬኑም ለአንድ ሳምንት ይይዛል። ግን የተወጠረው ገመድ ክርኗን ወደ ማረፊያዋ እንዳትመለስ ያደርጋታል። ታምቡሩ ውስጥ ያለው ማንሻ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ባለጥርሷ መዞሯን ታቆማለች። ሸራው ይሳሳል፣ ገመዱ እንደገና ይጠብቃል፣ መጨረሻ ላይ የሚጠብቅ ጥርስ ያልቃል።

ስለዚህ ገመዱ እንዳልተገናኘ ይቆይ። የታምቡሩን የውስጥ ስፋት በቬርኒየር ለኩ። ከዚያ የሸራዎቹን የውጭ ስፋት ለኩ። ማስተካከያዋን እያዞራችሁ ልዩነቱን ወደ 0.6 ሚሊ አምጡት። ታምቡሩን አስገቡና በእጅ አዙሩት። በጆሮ የሚሰማ ትንሽ ሽርርታ ችግር የለውም፤ መያዝ ግን የለበትም።

አሁን ክርኗ። ውስጥ ያለው ልልነት እስኪያልቅ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቧትና እዚያው ያዟት። በማቆሚያዋ ቡሎን በኩል ያለው ክፍተት ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ እንዲሆን ቡሎኑን አስተካክሉ፣ መቆለፊያ ዳዶውን አጥብቁ። ፊለር ጌጅ የሌለው ሰው ይህን በዓይኑ ሊገምት ይሞክራል። አትገምቱ። ይህች ክፍተት ስትጠፋ ሸራው ሁልጊዜ ተከፍቶ ይኖራል፤ ስትበዛ ደግሞ ማንሻውን እስከ ላይ ስባችሁም አይይዝም።

ሁለተኛውን ጎን በተመሳሳይ ሥሩ። ከዚያ ነው ገመድ።

ገመዱ

አሮጌውን የምትመልሱ ከሆነ የውስጡን ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ይዛችሁ ሳቡት። ካንገራገረ ወይም አንድ ክር ብትበጠስ አዲስ ግዙ። አዲሱን ስታስገቡ የድሮውን መንገድ ተከተሉ፤ በቻሲውና በአክስሉ ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች ሁሉ አስሩ። ከጭስ ማውጫው አርቁት። ኮፒሊያውን አዲስ አድርጉ፣ ጫፎቹን እጠፉ።

ባሌስትራ ላስጨመራችሁ፣ መኪናውን ላስነሣችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቻሲው ከአክስሉ በራቀ ቁጥር ገመዱ ይወጠራል። መኪናው በቻሲው ተደግፎ አክስሉ ወደ ታች ሲንጠለጠል ገመዱን እዩት። እዚያ ላይ ክርኗን የሚስብ ከሆነ ጎርባጣ መንገድ ላይ ጎማው በወረደ ቁጥር ፍሬን ይይዛል ማለት ነው። የማሰሪያውን ቦታ ወደ አክስሉ አስጠጉ ወይም ረዘም ያለ ገመድ ፈልጉ።

ሆዱ ሥር ያለውን ማስተካከያ ዳዶ የምታጠብቁት ልልነቱ እስኪያልቅ ብቻ ነው። ሁለቱም ክርኖች ማቆሚያቸው ላይ ማረፋቸውን ከሥር ገብታችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከዚያ መቆለፊያውን አጥብቁ። ማንሻውን ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው እየሳባችሁ ልቀቁ፤ ባለጥርሷ ቀጭ ማለቷን እስክታቆም። የመጨረሻውን ክፍተት ራሷ ትሞላዋለች። ማንሻው ስንት ጊዜ ቀጭ ማለት እንዳለበት እንደ ሞዴሉ ይለያል፤ ከመሪው ሥር የሚሳበው ዱላ ወንበር መሃል ካለው ብዙ ጊዜ ይረዝማል። የመኪናውን መጽሐፍ እዩ።

ሙከራ

ጎማዎቹ አየር ላይ እያሉ ማንሻውን አንድ ሁለት ጊዜ ቀጭ እስኪል ብቻ ሳቡና ሁለቱንም ጎማ በእጅ አዙሩ። ሁለቱም እኩል መክበድ አለባቸው። አንዱ ቀድሞ ከያዘ የሌላው ክርን ወይም ሸራ ወደ ኋላ ቀርቷል። እስከ መጨረሻው ስትስቡ በእጅ መዞር የለባቸውም። ስትለቁ ወዲያው ነፃ ይሁኑ። የጎማውን ሲሊንደር ፈትታችሁ ከነበረ አየር አስወጡ፣ ፔዳሉ ጠንካራ መሆኑን አረጋግጡ። የጎማ ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ ከወረደ በኋላ በኮከብ ቅርፅ አጥብቁ፤ 110 ኒውተን ሜትር አካባቢ በቂ ነው።

ከዚያ ወደ ዳገት። ቀላል፣ ደረቅ፣ ከኋላው ሰውም ቤትም የሌለበት ዳገት ምረጡ። ታኮ የያዘ ሰው ከጎን ይቁም። ከኋላ አይቁም። እግራችሁን ፍሬን ላይ አድርጋችሁ ማርሹን ኒውትራል አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ እግራችሁን ቀስ ብላችሁ አንሡ። መኪናዋ ትንሽ ቁጭ ብላ ትረጋለች። አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አዙራችሁም ድገሙት፤ ሸራ በሁለቱ አቅጣጫ እኩል ላይይዝ ይችላል። በባዶ ከያዘች በኋላ ጭነት አድርጋችሁም ሞክሩ። ጭነት የምትጭን መኪና በባዶ ብቻ ተሞክራ አትወጣም።

አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ ከታምቡሩ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገናኝም። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ማንሻውን እንደገና ፈትሹ። እስከዚያው በቆማችሁ ቁጥር ሳቡት፤ ሜዳ ላይም ቢሆን። ክርኗ የምትደርቀው ባለመንቀሳቀሷ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ አትሳቡት። ወንዝ ተሻግራችሁ፣ ታምቡሩ ውስጥ ውኃ እያለ ለሌሊት የምታቆሙ ከሆነ። እርጥብ ሸራ በሌሊት ከታምቡሩ ጋር በዝገት ይጣበቃል። ከመቆማችሁ በፊት ፔዳሉን ቀለል አድርጋችሁ እየረገጣችሁ ጥቂት ሂዱና አድርቁት። ካልደረቀ ሜዳ ፈልጋችሁ በማርሽና በታኮ አቁሙ። ጠዋት ስትነሡ ታኮውን ከመንገዱ ላይ አንሥታችሁ መኪናው ላይ ጫኑት።